«አይዛመድም» የጻፍኩባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት አራት ነገር ነው፤ ትልቅ የአመልካቾች መዝገብ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ስቴፕለርና የቁም ሳጥን ቁልፍ። ቦታው ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ክፍሉ የሰው ሀብት አስተዳደር ይባላል። ማዕረጌ ጀማሪ ባለሙያ ነበር። የቡድን መሪያችን አቶ ቢያድግልኝ ዲግሪዬን አገላብጠው አዩና «ምን ተማርሽ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«ዓለም አቀፍ ግንኙነት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ኤምባሲው ገና አልተከፈተም እኮ!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን እርር አለ። የተቀጠርኩት ጊዜው ደግ ስለነበረ ነው። ያን ጊዜ የቅጥር ማስታወቂያው «ማንኛውም የማኅበራዊ ሳይንስ ዲግሪ» ይል ነበር። ዓመት ሳይሞላ ያ ቀዳዳ ተዘጋ።

ትምህርቱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ቅጹ ላይ አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ብዬ ሞልቼ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ያስቀመጥኩት ስድስተኛ ላይ ነው። ስድስተኛው ደረሰኝ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በለቅሶ ጨረስኩት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ወደድኩት። ሀገር ከሀገር እንዴት እንደሚዋዋል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በምን እንደሚጣላና በምን እንደሚታረቅ፣ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ምን ምን ወረቀት ይዞ እንደሚሻገር ተማርን። ክፍል ውስጥ ድርድር ስንለማመድ በዕጣ የደረሰችኝ ሀገር ወንዛችን ፈስሶ የሚደርስባት የታችኛዋ ነበረች። ስለ እሷ ተከራክሬ ረታሁ፤ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው «የኛን ውሃ ለሰው አስወስደሽ መጣሽ?» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉኝ። አክስቴ ደግሞ ባየችኝ ቁጥር «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ትለኝ ነበር።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። አንድ የሥራ መደብ ሲለቀቅ ማስታወቂያ እናወጣለን። ድሮ በር ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ ነበር፤ አሁን በቴሌግራምም እንለቃለን። ማስታወቂያው የመደቡን ስም፣ ደረጃውንና ተፈላጊ ችሎታውን ይናገራል። አመልካቾች ኦሪጅናልና ኮፒ ይዘው ይመጣሉ። መዝጋቢው ኮፒውን ከኦሪጅናሉ ጋር አመሳክሮ ስማቸውን መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ምዝገባው ሲዘጋ ቡድን መሪው የትምህርት መስካቸውን ያጣራል። የሚዛመደው ለፈተና ይጠራል፤ የማይዛመደው በቀይ ይሰረዝና ከስሙ ፊት «አይዛመድም» ይጻፍበታል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ለእኛ የለም።

የትኛው መስክ እንደማይዛመድ የምናውቀው የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነበር። አቶ ቢያድግልኝ በእጃቸው የጻፏት ናት። ከላይ «የማይዛመዱ» ትላለች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የእኔ ትምህርት አለ። ባየኋት ቀን ደሜ ፈላ።

«ይህን ማን ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ከበላይ ደብዳቤ መጥቷል። ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራሁ። ይህን ስጽፍ የሚያናድደኝ እሳቸው ያሉት አይደለም፤ እኔ ዝም ማለቴ ነው። አቶ ቢያድግልኝ ተዛውረው ሲሄዱ የቡድን መሪነቱን እኔ ያዝኩ። ወረቀቷ አርጅታ ስለነበር በኮምፒውተር አስጽፌ፣ ቲተሬን አሳርፌ፣ ክብ ማኅተም አስመትቼ መልሼ ለጠፍኳት። ማኅተሙን ካየ በኋላ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የእኔን ትምህርት የተማሩ ልጆች በየዓመቱ ይመጡ ነበር። ከአዴት የመጣ ነበረ፣ ከዱርቤቴ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የመጣ ነበረ። የምረቃ ፎቷቸውን በስልካቸው የሚያሳዩኝ ነበሩ፤ ጋዋኑን ያየሁ እንደሆነ የምራራ ይመስላቸዋል። አንዱ በኋላ የባጃጅ ሹፌር ሆኖ ገበያ አድርሶኛል። አውቆኛል፤ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ምን ላድርግ?» ይህን ስል የማጽናናቸው ይመስለኝ ነበር።

አትጠገብ የመጣችው «የውጭ ገበያ ትስስር ባለሙያ» የሚል መደብ ባወጣን ጊዜ ነው። የመደቡ ሥራ የቡሬንና የአካባቢውን በርበሬና በቆሎ ውጭ አገር ካሉ ገዢዎች ጋር ማገናኘት፣ ውል ማዘጋጀት፣ የጉምሩክ ወረቀት መከታተል ነበር። ማስታወቂያው ላይ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማርኬቲንግ «ወይም ተዛማጅ» ይላል። ልጅቱ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የበርበሬ ገበሬ ልጅ ናት። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ትምህርቷ እየተቋረጠባት፣ አምስት ዓመት የፈጀባት ምሩቅ ነበረች። እንደ እኔ ሳይሆን ትምህርቱን አንደኛ ብላ መርጣ ነው የገባችው። ከዲግሪዋና ከስቱደንት ኮፒዋ ሌላ የመመረቂያ ጽሑፏን አስጠርዛ ይዛ መጣች። የጻፈችው ስለ ቡሬ በርበሬና ከጎረቤት አገሮች ጋር ስላሉን የንግድ ስምምነቶች ነው።

ርዕሱን አነበብኩት። ገጹን አልገለጥኩም። ምዝገባው ሲዘጋ ስሟን በቀይ ሰረዝኩ።

ዝርዝሩ በተለጠፈ ማግስት ቢሮዬ ገባች። አልጮኸችም፤ እጅ ነስታ ቆመች።

«እትዬ ስንዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ለፈተና ከተጠሩት ውስጥ የንግድ ስምምነት የተማረ ማነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ያንቺ መስክ ግን አይዛመድም።»

«በምን አወቁ? ኮርሶቼን አዩአቸው እንዴ?»

«ደንብ አለ እህቴ። እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲያ ከሆነማ ይብሳል» አለችኝ። 

ቅሬታ ካላት በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ እንደምትችል ነገርኳት፤ ግዴታዬ ነው። በሁለተኛው ቀን አመጣች። ሁለት ገጽ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ኮፒም ተያይዞበታል። ቅሬታው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆነ፤ ወደ ኃላፊው ወጣ፤ ኃላፊው ጥግ ላይ «ለሰው ሀብት ቡድን፣ መልስ ይሰጥበት» ብለው መሩት። ተመልሶ የመጣው እኔው ጠረጴዛ ላይ ነው። በእኔ ላይ የቀረበውን ክስ እኔው መረመርኩ፤ እኔው ፈረድኩ። «ያቀረቡት ቅሬታ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ አንዳችንም ነውር ነው አላልንም።

ፈተናው ተሰጠ፣ አንድ ሰው አለፈ፣ የቅጥር ደብዳቤው ወጣ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ሌላ ሥራ ይዣለሁ።

አንድ ቅዳሜ ተረኛ ሆኜ ቢሮ ሳለሁ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከገበያ መልስ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ፊት የቆሙት ቄስ ናቸው፤ ቄስ አያልነህ እንደሚባሉ በኋላ ነገሩኝ። ግቡ ብላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ብላቸው ግን እምቢ አሉ። በእኛ አገር ለእርቅ የተላከ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይሰሙት አይቀመጥም። እኔ ለምን እንደመጡ አላወቅኩም፤ ለቅጥር የመጣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅማ!

«ልጄ» አሉ ቄስ አያልነህ፣ «የይስማው ቤት ምን ቢያስቀይምሽ ነው? የበደለሽ ካለ ይክሳል። ይቅርታ ልንጠይቅሽ ነው የመጣን።»

ይስማው የአትጠገብ አባት ናቸው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አጥንተውት ነው የመጡት። የእናቴ አያትና የአትጠገብ ቅድመ አያት በአንድ የግጦሽ መሬት ተጣልተው እንደነበር ቆፍረው አግኝተዋል። እኔ ስለዚህ ጠብ ከእናቴም ከማንም ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ግን ሌላ ምክንያት አልታያቸውም። ያንኑ ትምህርት የተማረች ሴት ያንኑ የተማረችን ልጅ ከሰረዘች፣ ቂም እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ተቆጣሁ። «አባቶቼ፣ ይህ መሥሪያ ቤት ነው፤ የቂም ቤት አይደለም። ደንብ ነው የሠራሁት» አልኳቸው።

«ደንቡን አሳዪን እንግዲያ» አሉ ከኋላ ያሉት።

ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቷን አሳየኋቸው። ቄስ አያልነህ መነጽራቸውን አውጥተው እስከ ታች አነበቧት።

«ይህ ያንቺ ስምና ማኅተም ነው። ከማን ሰማሽው?»

«ከበላይ ደብዳቤ መጥቷል።»

«ደብዳቤውን አይተሽዋል?»

 ስምንት ዓመት ሙሉ የሠራሁበትን ደብዳቤ አላየሁትም። አቶ ቢያድግልኝ አሉ፣ እኔም አልኩ፣ ማኅተሙም አለ። ይኸው ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ» አሉ ቄሱ። «እኛ ቆመን እንጠብቅሻለን። አውጪና አንብቢልን።»

ቆሙ። እውነትም አልተቀመጡም። አንደኛው የሰማንያ ዓመት ሰው ይሆናሉ፤ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ወይዘሮ ትሁን ትባላለች። እሷም ተረኛ ነበረች። ገቢ ደብዳቤ በዓመት በዓመት የታሰረበትን ቦክስ ፋይል እየጎተተች ከአቧራ ጋር ታገለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግን። ደብዳቤው ተገኘ፤ በስቴፕለር የተያያዘ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ በተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ያልተጠቀሰ የትምህርት መስኮችን ይዘረዝራል፤ የእኔ ሦስተኛው ነው። እስከዚህ ወረቀቷ እውነቷን ነበር።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። «ሆኖም» ብሎ ይጀምራል። ከላይ የተዘረዘሩት መስኮች ተመራቂዎች ሲያመለክቱ የቅጥር ኮሚቴው የወሰዷቸውን ኮርሶች ከመደቡ ሥራ ጋር አገናዝቦ እንዲወስን፣ ኮርሳቸው ሳይታይ ማንም አመልካች እንዳይሰረዝ ይላል።

እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።  ሦስት ዓመት የአገሮችን ውል ከመግቢያው እስከ አባሪው እያነበብኩ፣ የት ላይ ምን እንደተደበቀ እየፈለግኩ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ገልጬ አላነበብኩም።

ተመልሼ ለሽማግሌዎቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ቄስ አያልነህ ግን «ስለዚህ ቂም አልነበረም?» አሉኝ።

«የለም አባቴ። ቂም አልነበረም።»

«ቂም ቢሆን ይሻል ነበር» አሉ። «ቂም ይታረቃል። ይህን ምን ብለን እናስታርቀዋለን?»

ከዘራቸውን አንስተው፣ ሳይቀመጡ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ሁለቱንም ገጽ አነበቡ። «ልክ ነሽ፤ ተሳስተናል» አሉ። ልቤ ቀለል አለ። ወዲያው ግን «ቅጥሩ አልቋል፤ ሰውየው ሥራ ጀምሯል። ልጅቱም በጊዜው ቅሬታ አቅርባ መልስ ተሰጥቷታል፤ የመለስሽውም አንቺው ነሽ። አሁን ብንከፍተው ሁላችንም እንጠየቃለን» አሉኝ።

«እንጠየቃ!» አልኳቸው። በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ጥፋቱ የኛ ሆኖ የምትከፍለው እሷ ናት?»

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትሁኚ» አሉኝ። ተረቱ የገባኝን ያህል አናደደኝ፤ እውነት ነበርና። ስምንት ዓመት ያልጮህኩ ነኝ።

ከቢሮው ወጥቼ ለአቶ ቢያድግልኝ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ደህና ነው። ሁለተኛውን ገጽ አላዩት ይሆናል ብዬ ነበር የደወልኩት።

«አይቼዋለሁ እንጂ» አሉኝ። «የመቶ ሰው ኮርስ እያዩ መወሰን ይቻላል? ሥራ ያበዛል ብዬ ነው ያሳጠርኩት። ለናንተም ብዬ ነው።»

«ለእኛ ብለው?»

«ታዲያስ! አንድ ቀን አስቸግሯችሁ ያውቃል?»

አላስቸገረንም። ስልኩን ዘጋሁት። ደህና ይሁኑ እንኳ አላልኳቸውም።

የተቀጠረው ልጅ መጥፎ ሰው አይደለም። ማኔጅመንት ነው የተማረው። በወሩ ገደማ ቢሮዬ መጥቶ፣ አንድ ዕቃ የየት አገር ምርት እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት ገዢዎች እንደጠየቁትና ከየት እንደሚወጣ እንደማያውቅ ነገረኝ። «እዚህ ፋይል ውስጥ በበርበሬ ላይ የተጻፈ ጥናት አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ቢያውሱኝ» አለኝ። ከቅሬታዋ ጋር የተያያዘውን የአትጠገብን ጽሑፍ ማለቱ ነው። የጠየቀኝን እዚያ ውስጥ በዝርዝር ጽፋዋለች፤ በዚያን ሰሞን አንብቤው ነበር። አልሰጠሁትም። መሳቢያውን ቆለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ሚኒባስ ይዤ ቡሬ ሄድኩ። ከቡሬ ቀበሌው ድረስ በባጃጅ፣ የተረፈውን በእግሬ ነው። አቶ ይስማው ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ አስጥተዋል፤ አትጠገብ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ የበርበሬውን አንገት ትቀነጥሳለች። ገና ግቢው ስደርስ አስነጠሰኝ። ማን እንደሆንኩ ስናገር አባትየው ከመቀመጫቸው ተነሡና «ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቤት ለእንግዳ» አሉኝ። መስደብ ነበረባቸው። ወንበር አወጡልኝ።

ነገርኳቸው። ደብዳቤው ሁለት ገጽ እንደነበረ፣ ሁለተኛው ኮርሷ እንዲታይ እንደሚያዝ፣ እኔ እንዳላነበብኩት፣ ቅሬታዋንም ያለ ምርመራ እንደመለስኩት፣ መደቡ እንደማይከፈትላት ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። እናትየው «ይብላኝላት ለልጄ» ብላ ፊቷን አዞረች።

አትጠገብ በርበሬውን መቀንጠሷን አላቆመችም። «የሌሎቹስ?» አለችኝ።

«የየትኞቹ?»

«ከኔ በፊት የሰረዟቸው። ለነሱም ነግረዋቸዋል?»

አልነገርኩም። ትዝም አላሉኝም ነበር።

«እኔ ዘንድ የመጡት አባቴ ሽማግሌ ስለላከብዎት ነው፣ እትዬ» አለች። «ሽማግሌ የሚልክለት የሌለውስ?»

ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። 

የስምንት ዓመቱን መዛግብት አውጥቼ «አይዛመድም» ያልኩባቸውን ስሞች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ብዙው ስልክ ዝግ ነው ወይም የሌላ ሰው ሆኗል። ያነሡት አብዛኞቹ አዳምጠውኝ፣ አመስግነውኝ ዘጉ፤ ምስጋናቸው ከስድብ ይብሳል። የዱርቤቴው ልጅ ግን «ታዲያ አሁን ምን ልሁንልዎት?» አለኝ። ልክ ነበር። ወረቀቷን ቀድጄ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ቅሬታም ከእንግዲህ ወደ ተከሰሰው ቡድን እንዳይመራ በቃለ ጉባኤ አስወስኛለሁ። በሥራዬ ላይ ለፈጸምኩት ጥፋት ራሴን ሪፖርት አድርጌ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ማህደሬ ውስጥ አለ።

አትጠገብ እኛ መሥሪያ ቤት ዳግመኛ አላመለከተችም። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር በቴሌግራም እልክላታለሁ። ታየዋለች፤ አትመልስልኝም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምላችሁ አጭር ነው። የምትሠሩበትን ደብዳቤ ራሳችሁ አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ፤ ሰው ነገረኝ አይበቃም። ክሱ የቀረበው በእናንተ ላይ ከሆነ መልሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። የአመልካቹን ኮርስ ሳታዩ ስሙን አትሰርዙ፤ የተሰረዘውን ሰው በኋላ ብትፈልጉት አታገኙትም።